የጨፌው ቱቦ

«እኛ አትበል» አሉ ኢንጂነር ሳህሌ። «ማነው እኛ? ሦስቱ ገምጋሚዎች ፊት የምትቀመጠው አንተ ብቻ ነህ። እኛ ቆፈርን፣ እኛ ሞላን... ይሄ የዕድር ስብሰባ አይደለም። አንተ ምን አደረግህ?»

ሮሪሳ ቀጀላ ጉሮሮውን ጠረገ። እናቱ «እኔ» የሚል ሰው ትዕቢተኛ ነው ብላ ነው ያሳደገችው።

«እኔ... ቱቦው ሲቀበር ቆሜ አሠራሁ።»

«ጎሽ። ለምን በዚያ ስፋት ሆነ?»

ሮሪሳ ብዕሩን በጣቶቹ አገላበጠ። ኢንጂነር ሳህሌም መልሱን ሳይጠብቁ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።

ወሩ ሐምሌ ነው። ዘመኑ አቃቂ ላይ ሰዓት የሚታወቀው በፋብሪካው ፉጨትና በባቡሩ ጩኸት የነበረበት ዘመን ነው። ሮሪሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አቃቂ በሰቃ ካለው ከእናቱ ቤት ይነሳና ጭቃውን እየዘለለ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው የኢንጂነር ሳህሌ ቤት ይመጣል። ነሐሴ ውስጥ የመሐንዲሶች ማኅበር ሙሉ አባል ለመሆን ይቀርባል። ዲግሪ ብቻውን እዚያ አያስገባም። አመልካቹ ራሱ የሠራውን አንድ ሥራ ይዞ ሦስት አንጋፋ መሐንዲሶች ፊት ይቀመጣል፤ ለምን እንዲህ አደረግህ፣ ለምን እንዲያ አላደረግህም እያሉ ያፋጥጡታል። ካሳመናቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ በገዛ ፊርማው ድልድይ ይቆማል። ካላሳመናቸው በሰው ፊርማ ሥር ሲሠራ ይኖራል።

ኢንጂነር ሳህሌ የባቡር መስመሩ የአቃቂ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ሮሪሳን ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ የተቀበሉት፣ ሥራ ያስተማሩት፣ አሁን ደግሞ «ይህ ልጅ ይበቃል» ብለው ለማኅበሩ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ይዞት የሚቀርበውንም ሥራ አብረው መረጡ፤ የጨፌውን ቱቦ።

ከአቃቂ ጣቢያ ወደ ቃሊቲ ሲኬድ ሀዲዱ አንዲት ትንሽ ወንዝ ይሻገራል። ሀዲዱ የተዘረጋው ከፍ ተደርጎ በተከመረ የአፈር ድልዳል ላይ ነው፤ ወንዟ በድልዳሉ ሆድ ውስጥ በተቀበረ የሲሚንቶ ቱቦ ሾልካ ታልፋለች። ቀድሞ ፈረንጆቹ የሠሩት የድንጋይ ቅስት ነበር። እሱ ሲሰነጠቅ ኢንጂነር ሳህሌ አስፈርሰው በቱቦ ተኩት። ሮሪሳ ያኔ የቀለም ሽታው ያልለቀቀው ጀማሪ ነበር፤ በጋውን ሙሉ ድንኳን ውስጥ እያደረ ያሠራው የመጀመሪያ ሥራው ነው። ባቡር ተሳፍሮ በዚያ ሲያልፍ አንገቱን በመስኮት ያወጣል።

«ድልዳል ግርጌ ውሃ ሲያዥ አየህ» አሉ ኢንጂነር ሳህሌ። «መጀመሪያ ምን ታያለህ?»

«ንጹሕ ይሁን ድፍርስ።»

«ለምን?»

«ንጹሕ ከሆነ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። ከደፈረሰ የድልዳሉን አፈር ከውስጥ እየበላው ነው።»

«እሺ። ጎርፉ ሞላ፣ ድልዳሉ ቻለው፣ ውሃው ደግሞ መውረድ ጀመረ። ተረፍን ማለት ነው?»

«ይመስለኛል» አለ ሮሪሳ።

«አልተረፍንም» አሉ። «የራሰውን አፈር ደግፎ የያዘው ራሱ ውሃው ነው። ውሃው ድንገት ሲወርድ አፈሩ ደጋፊ ያጣል። ሰው ጎርፉ አለፈ ብሎ መሳቅ ሲጀምር ያኔ ነው...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ከሩቅ መብረቅ አጉረመረመ። ኢንጂነር ሳህሌ ከወንበራቸው ተነስተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። የሚያዩት ግቢያቸውን አልነበረም፤ ከቃሊቲ ወዲያ፣ ከከተማው በላይ፣ ሰማዩ የእንጦጦን ጫፍ የነካበትን ነበር። እዚያ ጥቁር ደመና ቆሟል። ብዙ ቆዩ። ሮሪሳ ብዕሩን ይዞ ጠበቀ።

«ለዛሬ ይብቃህ» አሉት ፊታቸውን ሳይመልሱ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር እስከ በሩ ሸኙት። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሮሪሳ፣ አንተ ቅርቡ ነህና ልጠይቅህ። መሥሪያ ቤት ምን ገጥሞት ነው?»

«ምንም የሰማሁት የለም፣ እትዬ። ምነው?»

«ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋው ላይ ተነስቶ ቁጭ ይላል። አምናም እንዲሁ ነበር። ስጠይቀው ጉልበቴን ቁርጥማት ይዞኝ ነው ይለኛል።» ወይዘሮ አስቴር ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩ። «እኔ ግን አንድ ቀን ጉልበቱን ሲያሽ አላየሁትም።»

ሮሪሳ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሁለት ነገር አብሮት ሄደ። አንዱ የወይዘሮ አስቴር ነገር ነው። ሁለተኛው ያልመለሰው ጥያቄ ነው። ለምን በዚያ ስፋት? ቱቦው ተገዝቶ መጣ፤ ቅበረው ተባለ፤ ቀበረው። ስፋቱን ማን አሰላው፣ ምን ብሎ አሰላው፣ ጠይቆ አያውቅም። ገምጋሚዎቹ ግን ይህንን ሳይጠይቁ አይለቁትም።

ስለዚህ ራሱ ሊያሰላው ተነሳ። በማግስቱ እሑድ የወንዟን ዳር ይዞ ወደ ላይ ወጣ። አንድ ቱቦ ምን ያህል ውሃ እንደሚመጣበት ለማወቅ ውሃው ከየት ከየት እንደሚሰበሰብ ማየት ያስፈልጋል። ያየው ነገር የፋብሪካ ጣሪያ ነበር። ከዚያ የመጋዘን ጣሪያ፣ ከዚያ የከባድ መኪና ማቆሚያ፣ ከዚያ አዲስ የተነጠፈ አስፋልት፣ ከዚያ በመስመር የተሠሩ የሠራተኛ ቤቶች፣ ቆርቆሯቸው ገና ያላረጀ። ከየጣሪያው አሸንዳ፣ ከየአሸንዳው ቦይ፣ ቦዩ ሁሉ ወደ ወንዟ።

ማታ እናቱ ዳሲቱ ጭቃ የጠጣ ጫማውን እያየች፣ «የት ነው የዋልከው?» አለችው።

«ወደ ጨፌው ወጥቼ ነበር፣ አዮ።»

«የቱ ጨፌ?» ሳቀች። «ጨፌ ነበር እንጂ። እኔ ልጅ ሆኜ ከብት የምናግድበት ጊዜ እግርህ እስከ ጉልበትህ ይሰምጥ ነበር። የክረምቱን ውሃ ይዞት ይከርማል፤ መስቀል አልፎ እንኳ ሣሩ ሥር ውሃ ታገኛለህ። አሁን ምኑን ጨፌ ትለዋለህ?»

ሮሪሳ እራቱን ሳይጨርስ ተነሳና ወረቀቱን ዘረጋ። ውጤቱ ሲመጣ ተሳስቻለሁ ብሎ እንደገና ጀመረው። ቁጥሮቹን አለሳለሳቸው፤ ዝናቡን ቀነሰ፣ ሣር ያልቀረበትን ቦታ ሣር አደረገው። በዚህም በዚያም ቱቦው ከሚመጣው ውሃ ግማሹን እንኳ አያሳልፍም። የቀረው ውሃ መሄጃ የለውም፤ ድልዳሉን ተደግፎ ይቆማል። ድልዳሉ ደግሞ ግድብ እንዲሆን አልተሠራም።

በማግስቱ ለሥራ ወደ ከተማ ሲሄድ ባቡሩ በጨፌው ላይ አለፈ። አንገቱን በመስኮት አላወጣም። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ።

ቅዳሜ ሲደርስ ነገሩን ለኢንጂነር ሳህሌ ነገራቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ እሳቸው ግን አላነሱትም። እጃቸውን እንዳጣጠፉ እንደ ገምጋሚ ይጠይቁት ጀመር።

«የዝናቡን መጠን ከየት አመጣኸው?»

ነገራቸው።

«የጣሪያውን ስፋትስ?»

«በእግሬ ለካሁት፣ ጋሼ።»

«ምናልባት ተሳስተሃል።»

«እንድሳሳት ብዬ ደጋግሜ ሠራሁት።»

ኢንጂነር ሳህሌ መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ፊታቸው ያረጀ መሰለው። «አልተሳሳትክም» አሉ። «እኔ ያሰላሁት ጨፌው ጨፌ በነበረ ጊዜ ነው። ቱቦው ከተቀበረ በኋላ ነው ያ ሁሉ የበቀለው። ካቻምና ክረምት ላይ ቆሜ ሳየው ገባኝ።»

«ለበላይ አላሳወቁም?»

«በአፌ አሳወቅሁ። ከክረምት በኋላ እናየዋለን ተባለ። ክረምቱ ሲያልፍ ማን ያስታውሰዋል? እኔም ደግሜ አላነሳሁትም። የራሴ ሥራ ነው፤ ደጋግሜ ተሳስቻለሁ እያልኩ ልዙር?» ወረቀቱን በጣታቸው ወደ ሮሪሳ ገፉት። «ርዕስህን ለውጥ።»

«ጋሼ?»

«የጣቢያውን የዕቃ መጋዘን ጣሪያ አንተ አይደለህ የቀየርከው? እሱን አቅርብ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ንጹሕ ነው። ይሄን ይዘህ ብትገባ መጀመሪያ የሚጠይቁህ ለማን ነገርክ፣ ምን አደረግህ ነው። ቀጥሎ ደግሞ አለቃህ ማን ነበር ይሉሃል። ክረምቱ ይውጣ፤ ጥቅምት ላይ አንተና እኔ ሆነን እናስተካክለዋለን። ቃሌ ነው።»

ሮሪሳ የሚመልሰው አላጣም፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን ፊቱ የተቀመጡት ሰው እንጀራ የሰጡት፣ ስሙን ለማኅበሩ ያቀረቡለት ሰው ናቸው። ደግሞ ሙሉ አባል የመሆኑ ነገር ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እሺ ጋሼ» አለ።

ከዚያ ወዲያ የመጋዘኑን ጣሪያ አጠና። እየሸመደደ መተኛት ለመደ፤ የብረቱን ውፍረት፣ የነፋሱን ኃይል። ኢንጂነር ሳህሌ ይጠይቁታል፣ እሱ ይመልሳል፣ ሁለቱም ጨፌውን አያነሱም። ባቡሩ በየቀኑ ይመላለሳል። ጧት ጧት ከደብረ ዘይት ገበሬው እህሉን፣ ነጋዴዋ ዶሮዋን ይዘው ይሳፈራሉ፤ ማታ ይመለሳሉ። ሮሪሳ ከሩቅ ፉጨቱን ሲሰማ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል፤ መንኮራኩሩ ድልዳሉን አልፎ ወዲያ ማዶ ሲደርስ ድምፁ ይቀየራል። ያ ድምፅ ሲቀየር ትንፋሹን ይለቃል።

ቀኑ ደረሰ። ግምገማው ከሰዓት በኋላ ከተማ ውስጥ ነው። ሮሪሳ ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ሥዕሎቹን በካርቶን ጠቅልሎ የጧቱን ባቡር ሊይዝ ጣቢያው ደረሰ። አቃቂ ላይ ፀሐይ ወጥቷል። የጣቢያው አጥር ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ወደ ሰሜን ግን ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ከተማው ያለበት ቦታ ጭራሽ አይታይም።

ባቡሩ ገና አልደረሰም። ሮሪሳ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አቃተው። ሥዕሎቹን ለጣቢያው ሹም ለአቶ አሻግሬ አደራ ሰጠና ሀዲዱን ይዞ ወደ ጨፌው አመራ።

ሳይደርስ ድምፁን ሰማ። ደርሶ ሲያይ የሚያውቀው ቦታ አልነበረም። በላይኛው በኩል ወንዟ የለችም፤ ሐይቅ ነው ያለው። ቡናማ ውሃ ድልዳሉን ተደግፎ ቆሟል፣ ከሀዲዱ ሊደርስ የቀረው የሰው ቁመት ያህል ቢሆን ነው። የቱቦው አፍ የነበረበት ቦታ ቁጥቋጦና ጣውላ ተጠቅልሎ፣ አንድ የተበሳ በርሜል ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ጠብታ ዝናብ በሌለበት፣ ፀሐይ እየሞቀ፣ ውሃው ዓይን እያየው ይጨምራል።

በታችኛው በኩል በቁልቁለቱ ተንሸራትቶ ወረደ። ሱፉ ጭቃ ሆነ። ግርጌው ላይ፣ ሣሩ መካከል፣ ውሃ ይፈልቃል። ትንሽ ናት፤ የጣት ያህል። ነጭ መሐረቡን አውጥቶ ፊቷ ያዘው። ውሃው አለፈ፤ መሐረቡ ላይ አፈር ቀረ።

ሮሪሳ ሮጠ።

ጣቢያው ሲደርስ ባቡሩ ገብቶ ቆሟል። አቶ አሻግሬ ባንዲራቸውን በብብታቸው ይዘው ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ባቡሩ እንዳይንቀሳቀስ!» አለ ሮሪሳ እያለከለከ። «ድልዳሉ እየተበላ ነው።»

አቶ አሻግሬ ከጫማው እስከ ክራቫቱ ተመለከቱት። «ምን ሆነሃል አንተ ልጅ? ወድቀህ ነው?»

«ጨፌው ላይ ውሃው ታቁሯል። በሥሩ አፈር ይዞ እየወጣ ነው።»

«ዛሬ ዝናብ ጣለ እንዴ?»

«ከተማ ላይ ጥሏል። አቶ አሻግሬ፣ እለምንዎታለሁ፣ ይሄ ሁሉ ሰው...»

«የክፍል ኃላፊው ሳያዝ እኔ ባቡር አላቆምም። ስልኩ እዚያ ነው።»

ኢንጂነር ሳህሌ ጧት ቀድመው ከተማ ገብተዋል፤ እንደ አቅራቢነታቸው ግምገማው ላይ መገኘት ነበረባቸው። ሮሪሳ ለገሃር ቢሮ አገኛቸው። ነገራቸው።

«ከፍታው?» አሉ።

«ከሀዲዱ ሥር የሰው ቁመት ቢቀረው ነው።»

«ግርጌውስ?»

«ያዣል፣ ጋሼ። ድፍርስ ነው።»

ስልኩ ውስጥ የጽሕፈት መኪና ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። ሮሪሳ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ሮሪሳ፣ መስመሩ ዛሬ ከተዘጋ ለምን ተዘጋ ይባላል። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«ተሳፋሪውን አውርዱ። እኔ እመጣለሁ። እስክመጣ አይንቀሳቀስ። ባዶውን በዝግታ እናሳልፈዋለን።»

«ጋሼ፣ ባዶውም ቢሆን...»

ስልኩ ተዘጋ።

ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። ግማሹ እግሬ አውጪኝ ብሎ በአስፋልቱ ወደ ቃሊቲ አቀና፤ ግማሹ ሐዘን ቤት እንደሄደ ሰው ጓዙ ላይ ተቀመጠ። አንዲት ሴትዮ ቅርጫቷን አቅፋ፣ «ማነው ያስቆመው?» ብላ ጮኸች። አቶ አሻግሬ በአገጫቸው ወደ ሮሪሳ አመለከቱ። «እኔ ነኝ» አላት። ሴትዮዋ ገላመጠችው።

የባቡሩ ነጂ ተክሌ ግን አልተናደደም። በዚህ መስመር የሸበተ ሰው ነው። ዘይት የነካውን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እስቲ አሳየኝ» አለውና ከሮሪሳ ጋር እስከ ጨፌው ሄደ። ግርጌው ላይ ቁጢጥ ብሎ የሚፈልቀውን ውሃ አየ። አሁን የክንድ ያህል ሆኗል። ተመልሶ ባቡሩ ላይ ወጣና ሞተሩን አጠፋ።

ረፋዱ ላይ ውሃው አንድ ነገር አደረገ። የቱቦውን አፍ የዘጋው ጣውላና ቁጥቋጦ ከባድ ነገር እንደሚውጥ ጉሮሮ ጮሆ ወደ ውስጥ ገባ። በታችኛው በኩል ቱቦው ቡናማ ውሃ ተፋ፤ ሐይቁም መጉደል ጀመረ። ድልዳሉ ዳር የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበ። አቶ አሻግሬ ባንዲራቸውን ከብብታቸው አወጡ።

«አየህ? ተነፈሰ! ሰውን በባዶ አተራመስከው።»

ሮሪሳ ዓይኑን ከድልዳሉ አላነሳም። ውሃው በወረደ ቁጥር የላይኛው ቁልቁለት ይገለጣል፤ አፈሩ እንደ ራሰ ገላ ያብለጨልጫል፣ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። እናቱ ሰው በጣፋጭ አፍ ሲታለል «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» ትላለች። ሲሰማው ያደገውን ነገር በዓይኑ አየው።

በዚያ መሐል ላንድሮቨር መጣ። ኢንጂነር ሳህሌ ለግምገማው የለበሱትን ግራጫ ሱፍ እንደለበሱ ወረዱ። ከማንም ጋር ሰላም አልተባባሉም። ድልዳሉን፣ ውሃውን፣ ቱቦውን አዩና ወደ አቶ አሻግሬ ዞሩ።

«መቼ መውረድ ጀመረ?»

«አሁን ነው ጌታዬ። በጣም ቶሎ እየወረደ ነው!»

ኢንጂነር ሳህሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ለተክሌ፣ «እኔ ከፊት ከፊት በእግሬ እሄዳለሁ። አንተ በእኔ እርምጃ ልክ ተከተለኝ» አሉት።

ሮሪሳ መንገዳቸው ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ውሃው እየወረደ ነው። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ባዶው ካለፈ ማንም ለምን አይልም። ገምጋሚዎቹ ይጠብቁሃል። ሂድ፣ መኪናው ያድርስህ።»

ሮሪሳ እጃቸውን ያዘ። እጃቸውን እንዲህ ይዟቸው አያውቅም፤ አባት በሚያህል ሰው ላይ እጅ አይዘረጋም። ኢንጂነር ሳህሌ አልተቆጡም። የተያዘውን እጃቸውን አዩት፤ የሮሪሳን ጣቶች፣ ጥፍሩ ሥር ያለውን ጭቃ። ሮሪሳ አፈረ። ለቀቃቸው።

ሀዲዱ መሐል ገብተው፣ ከአንዱ ጣውላ ወደ ሌላው እየረገጡ፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው ሄዱ። ድልዳሉ መካከል ሲደርሱ ቆመው ዞሩና ለተክሌ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ና። ተክሌ መስኮቱ ላይ ክንዱን አስደግፎ ያያቸዋል። ሞተሩን አላስነሳም። እንደገና አወዛወዙ። የሚሰማው የሚወርደው ውሃ ብቻ ነው።

ድልዳሉ ሲናድ ጩኸት አልነበረውም። የላይኛው ቁልቁለት ከወገቡ ተሰንጥቆ፣ ትልቅ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንደሚያደርገው በቀስታ ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉም አብሮ ወረደ። ሀዲዱ ብቻ ጣውላዎቹን እንዳንጠለጠለ አየር ላይ ቀረ። ኢንጂነር ሳህሌ የቆሙበት ቦታ ባዶ ነበር።

ከቱቦው በታች አገኟቸው። ያወጣቸው ተክሌና ሮሪሳ ናቸው። ትንፋሻቸው ነበረ፤ ወደ ሐኪም ቤት የያዛቸው ላንድሮቨር ቃሊቲ ሳይደርስ ግን ትንፋሻቸው ቆመ። ሮሪሳ ራሳቸውን ጉልበቱ ላይ ይዞ ነበርና እሱ ነው መጀመሪያ ያወቀው። ለሾፌሩ ግን አልነገረውም፤ ሾፌሩም እስኪደርሱ ድረስ በፍጥነት ነዳ።

ከቀብር በኋላ በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ አስቴር ከለቀስተኛው መካከል ሮሪሳን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

«ያውቅ ነበር?»

ሮሪሳ መዋሸት ፈልጎ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ኢንጂነሩ ለባቡሩ ሲሉ ሞቱ እያለ ነው፤ ነገሩም ውሸት ብቻ አልነበረም።

«ያውቁ ነበር፣ እትዬ።»

«አንተስ?»

«ከሐምሌ ጀምሮ።»

ወይዘሮ አስቴር ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱና ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያን ቀን በኋላ በመንገድ ሲያገኙት ሰላምታውን አይመልሱም።

ማኅበሩ ጥቅምት ላይ ሌላ ቀን ቀጠረለት። ሮሪሳ የመጋዘኑን ጣሪያ ትቶ የጨፌውን ቱቦ ይዞ ቀረበ። ከሦስቱ ገምጋሚዎች ሁለቱ የኢንጂነር ሳህሌ የትምህርት ቤት ጓደኞች ነበሩ፤ የመሐሉ፣ ገብረጻድቅ የሚባሉት ሽማግሌ፣ ጥቁር ክራቫት አድርገዋል። ነገሩ ድንገተኛ ነበር የሚል መልስ እንደሚጠብቁ ከአጠያየቃቸው ይታወቃል። መንገዱን ጠርገው ሰጡት።

«ያን ያህል ጎርፍ ማንም ሊገምት አይችልም ነበር፣ አይደል?» አሉ አንደኛው።

«እኔ ገምቼው ነበር» አለ ሮሪሳ።

የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ስለ ራሱም፣ ስለ ኢንጂነር ሳህሌም ምንም አልሸሸገም። ሲጨርስ ገምጋሚዎቹ ውጪ ቆይ አሉት። ብዙ ቆየ። ሲጠሩት የተናገሩት ገብረጻድቅ ናቸው።

«ስሌትህ ልክ ነው። እዚህ ፊታችን ከቀረቡት ብዙዎቹ እንዳንተ አላሰሉም። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው በላዩ ሲመላለስ ዝም ብለሃል። ዘንድሮ አንቀበልህም።»

«እሺ» አለ ሮሪሳ። ቅር አላለውም። ሌላ ነገር ቢሉት ነበር ቅር የሚለው።

ሊወጣ በሩን ሲከፍት ገብረጻድቅ መለሱት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የቱቦውን ሥዕል ያያሉ።

«ይሄ ቱቦ አንድ ብቻ ነው የተገዛው?»

«አይደለም። ከአንድ ጭነት ነው የመጣው።»

«የቀረው የት ተቀበረ?»

ሮሪሳ በሩን እንደያዘ ቆመ። አስቦት አያውቅም ነበር።

ኅዳር ውስጥ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ከአቃቂ ወደ ደብረ ዘይት ሀዲዱን በእግሩ ያዘ። በየወንዙ፣ በየቦዩ እየወረደ አየ። መሬቱ ደርቋል፤ ገበሬው ጤፉን ያጭዳል፤ ጎርፍ የሚባል ነገር በዚህ ምድር ላይ ኖሮ የሚያውቅ አይመስልም። ዱከምን አልፎ አንድ ቁልቁለት ላይ ድልዳሉን ወርዶ፣ እሾሁን በእጁ ገለል አድርጎ አገኘው። ያው ቱቦ ነው፤ ያው ስፋት። አፉ ላይ የሸረሪት ድር ተዘርግቷል።

ቀና ብሎ ወደ ላይኛው በኩል አየ። ከጤፉ ማሳ ወዲያ ፀሐይ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። ሰዎች አዲስ ጣሪያ ላይ ቆመው ቆርቆሮ ይመታሉ፤ የመዶሻው ድምፅ ዘግየት እያለ ይደርሰዋል። ከጎኑ ሌላ ቤት አጥንቱ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ለመሠረት የተወጠረ ገመድ ይታያል። ሮሪሳ ጫማውን አውልቆ አሸዋውን አራገፈ፣ መልሶ አጠለቀና ጣሪያዎቹን ሊለካ ማሳውን ዞሮ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።